ከሞተር ስፖርት ቤተሰብ የወጣን አሽከርካሪ የሥራ ሕይወት እንዴት መመዘን ይቻላል?

እ.ኤ.አ. በ1952 እና በ1953 የፎርሙላ ዋን ሻምፒዮን የሆነው ጣሊያናዊው አልቤርቶ አስካሪ፣ አባቱ አንቶኒዮ በ1925 በፈረንሳይ ግራንድ ፕሪ ላይ ሕይወቱን ያጣ ታላቅ ተወዳዳሪ ነበር። ውድድሩ ገና በሕፃንነቱ ዘመን የእሽቅድምድም ቤተሰብ ልጅ አሸናፊ ሆኖበታል ማለት ነው፤ ከዚያ ወዲህም የሂል፣ የቪልነቭ፣ የሮዝበርግ፣ የሹማኸር፣ የሳይንዝና የቨርስታፐን ልጆች ተከታትለው መጥተዋል። እንዲህ ያለ ሰው ሲያሸንፍ «የአባቱ ልጅ» ይባልለታል፤ ሲሸነፍ ደግሞ «በአባቱ ስም የገባ» ይባልበታል። ሁለቱም ፍርዶች ያለ ምርመራ የሚሰጡ ናቸው፤ በልጁም፣ ያለ ምንም የቤተሰብ ድጋፍ በጥረቱ በደረሰው ተፎካካሪውም ላይ በደል ይፈጽማሉ። ይህ መመሪያ ማንኛውም አንባቢ ለሕዝብ ክፍት በሆኑ የውድድር ውጤቶች ብቻ ተጠቅሞ ቤተሰቡ የሰጠውን ከአሽከርካሪው የራሱ ችሎታ ለይቶ እንዲመዝን ለመርዳት የተዘጋጀ ነው። እንደ ዋና ምሳሌ የምንከተለው የፎርሙላ ዋን ሻምፒዮኑን የማክስ ቨርስታፐንን የሥራ ሕይወት ሲሆን፣ ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ምርመራውን ከልጁ ልደት በፊት ይጀምሩ። የወላጆቹን ታሪክ ዝናቸውን ሳይሆን ውጤታቸውን እየተከተሉ ይመዝግቡ፤ ምክንያቱም «የታዋቂ አሽከርካሪ ልጅ» የሚለው አነጋገር የሰባት ጊዜ ሻምፒዮኑን ልጅና አንድም ጊዜ ያላሸነፈውን ሰው ልጅ በአንድ ሚዛን ላይ ያስቀምጣቸዋል። የማክስ አባት ዮስ ቨርስታፐን ኔዘርላንዳዊ ሲሆን ከ1994 እስከ 2003 ባለው ጊዜ በፎርሙላ ዋን 106 ጊዜ ተወዳድሮ አንድም ጊዜ አላሸነፈም፤ ሁለት ጊዜ ሦስተኛ ወጥቷል፣ ሁለቱም በመጀመሪያ ዓመቱ በሀንጋሪና በቤልጂየም ነበሩ። እናቱ ሶፊ ኩምፐን ቤልጂየማዊት ናት፤ በዘመኗ በካርት (ልጆች ሙያውን በሚጀምሩባት ትንሽ ክፍት መኪና) ውድድር ከወንዶች ጋር እኩል ትፎካከር የነበረች፣ በ1995 በጣሊያን የሚካሄደውን የአንድሬያ ማርጉቲ ዋንጫ የወሰደች ተወዳዳሪ ናት። ስለ ማክስ የሚጻፉ ብዙ ጽሑፎች እናቱን በአንድ ዐረፍተ ነገር አልፈዋት ይሄዳሉ፤ ይህ መመሪያ የሚከተለውን መንገድ የሚይዝ አንባቢ ግን የእናትንም ወገን እኩል ሊመዘግብ ይገባዋል። ሙያው ወደ ልጁ የመጣው ከሁለቱም ወገን ነውና።

ከዮስ ታሪክ ውስጥ ለልጁ የሥራ ሕይወት ቁልፍ የሆነችው ነጥብ ከውጤቱ ይልቅ የመጣበት ፍጥነት ናት። ዮስ ከካርት ወጥቶ በመደበኛ የውድድር መኪና የተወዳደረው ሁለት ዓመት ብቻ ሲሆን፣ በ1993 ከፎርሙላ ዋን በታች ባለው በፎርሙላ ስሪ የጀርመን ሻምፒዮን እንደ ሆነ በሚቀጥለው ዓመት በቤኔቶን ቡድን ከሚካኤል ሹማኸር ጎን ተቀመጠ። በዚያን ጊዜ ሹማኸር ለመጀመሪያ ሻምፒዮናው የሚገሰግስ ሰው ስለ ነበር፣ ከእርሱ ጋር በአንድ መኪና መመዘን ለጀማሪ እጅግ ከባድ ነበር፤ ዮስ ከዚያ በኋላ ያን የመሰለ መኪና ዳግመኛ አላገኘም። አባትየው ይህን ያህል ያልተዘጋጀ ሆኖ መግባት ምን እንደሚያስከትል በራሱ አይቶታል። የቤተሰብ ውርስ ሲባል ድሎች ብቻ እንዳልሆኑ እዚህ ላይ ልብ ይበሉ፤ ያልተሳካ የሥራ ሕይወት አንዳንዴ ከተሳካው የበለጠ ያስተምራል፤ በእኔ ግምት የማክስ ዝግጅት የተቀረጸው ከአባቱ ሁለት ሦስተኛ ደረጃዎች ይልቅ በዘጠኝ ዓመት ብስጭቱ ነው።

ቀጥሎ ውርሱን ይከፋፍሉት። በቤተሰብ በኩል የሚመጣ ድጋፍ አንድ ነገር ሆኖ ቢታይም ገንዘብ፣ ዕውቀት፣ ስምና ጊዜ የተባሉ አራት ነገሮች የተደባለቁበት ነው፤ አራቱም ሁልጊዜ አብረው አይመጡም። ለዚህ ከዴመን ሂል የተሻለ ማስረጃ አላውቅም። አባቱ ግራሃም ሂል በ1962 እና በ1968 የዓለም ሻምፒዮን ነበር። በኅዳር 1975 ራሱ ያበርራት የነበረችው አውሮፕላን ተከስክሳ ከአምስት የቡድኑ አባላት ጋር ሲሞት ዴመን 15 ዓመቱ ነበር፤ አደጋው ያስከተለው የካሳ ክርክር የቤተሰቡን ሀብት አራቆተው። ልጁ በሞተር ብስክሌት መልእክት እያደረሰ፣ በቀን ሠራተኝነትም እየሠራ የውድድር ገንዘቡን ያጠራቅም ነበር፤ ፎርሙላ ዋን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የተወዳደረው በ31 ዓመቱ፣ በ1992 ነው፤ በ1996 ደግሞ የዓለም ሻምፒዮን በመሆን ከአባቱ ጋር አብሮ የመጀመሪያዎቹ አባትና ልጅ ሻምፒዮኖች ሆኑ። ዴመን ስሙ ነበረው፤ ገንዘቡ፣ የአባቱ ምክርና ጊዜ ግን አልነበሩትም። የማክስ ሁኔታ ተቃራኒው ነው፤ የአባቱ ስም በፎርሙላ ዋን አለቆች ዘንድ ያን ያህል ክብደት አልነበረውም፤ ዕውቀቱና ጊዜው ግን ተትረፍርፎ ነበር።

ዕውቀት ምን ማለት እንደ ሆነ በዝርዝር ማየት ያስፈልጋል። ማክስ ካርት መንዳት የጀመረው ዕድሜው አምስት ዓመት ሳይሞላ ነው። ዮስ የራሱን ውድድር ካቆመ በኋላ የልጁን ካርቶች በገዛ እጁ ያዘጋጅ፣ ሞተሮቹን ያስተካክል፣ በመኪና ጭኖ ከቤልጂየም ወደ ጣሊያንና ወደ ሌሎች አገሮች ያመላልሰው ነበር። ሌሎች ወላጆች ለመካኒክና ለአሠልጣኝ የሚከፍሉትን ገንዘብ ይህ ቤተሰብ በቤቱ ውስጥ ነበረው። ከዚህም በላይ፣ ልጁ ከዙር ሲመለስ «መኪናው በመታጠፊያው ላይ ኋላው ይንሸራተታል» ብሎ የተናገረውን ወዲያው የሚረዳና ምክንያቱ ከጎማው፣ ከአየር ግፊቱ ወይም ከልጁ እግር መሆኑን የሚለይ ሰው ከአጠገቡ ነበር። አንድ ጀማሪ ይህን መለየት ለመማር ዓመታት ይፈጅበታል።

የዚህ ዓይነቱ ትምህርት ፍሬ በኋላ የት እንደሚታይ ለማወቅ የ2016 የብራዚል ግራንድ ፕሪን ይመልከቱ። ከባድ ዝናብ በነበረበት በዚያ ውድድር ማክስ ወደ መጨረሻው አካባቢ ጎማ ለመቀየር ገብቶ 16ኛ ሆኖ ወጣ፤ ቀሪዎቹ ዙሮች ሲያልቁ ሦስተኛ ነበር። ዘዴው በካርት የታወቀ ነው፤ በደረቅ ጊዜ መኪኖች የሚሄዱበት መስመር የጎማ ቅሪት ስለሚለጠፍበት በዝናብ ያዳልጣል፤ ስለዚህ በውጭ በኩል፣ ማንም በማይሄድበት አስፋልት ላይ መያዣ መፈለግ ያዋጣል። ሌሎቹም ይህን ያውቁ ነበር፤ በዚያ ፍጥነት፣ በዚያ ቀን ደፍሮ ያደረገው ግን እርሱ ነው። ዕውቀቱ ከቤት መጥቷል ብለው ይጻፉ፤ ድፍረቱንና ስሜቱን ደግሞ በልጁ ስም ይመዝግቡ።

በዚህ ደረጃ የቤተሰብ ውርስ የሚያስከፍለውንም ዋጋ መመዝገብ ግዴታ ነው፤ ብዙዎች ይህን ይዘሉታል። በ2012 በጣሊያን ሳርኖ በተካሄደ የካርት የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ላይ፣ የ14 ዓመቱ ማክስ በቀላሉ ሊያሸንፍ ይችል የነበረውን ውድድር በችኮላ ለመቅደም ሲሞክር ተጋጭቶ አጣው። አባቱ ከመቆጣቱ የተነሣ በመልስ ጉዞ ላይ ነዳጅ ማደያ ትቶት እንደ ነበር፣ ከዚያም ለቀናት እንዳላናገረው አባትና ልጅ ራሳቸው በአደባባይ ተናግረዋል። ማክስ ይህን የሚያነሣው አባቱን ለመክሰስ አይደለም፤ እንዲያውም ለትምህርት እንደ ሆነው ይገልጻል። ይሁንና የአንድ ልጅ ምስክርነት ዘዴውን ትክክል አያደርገውም፤ በተመሳሳይ ጭካኔ ያደጉና ከስፖርቱ ተሰብረው የወጡ ልጆች ታሪክ የሚጽፍላቸው ሰው የለምና። በሚቀጥለው ዓመት፣ በ15 ዓመቱ፣ ማክስ በፈረንሳይ ቫረን ላይ ማርሽ ባላቸው ካርቶች የሚደረገውን የዓለም ሻምፒዮና አሸነፈ። ሁለቱን ክስተቶች አጠገብ ለአጠገብ ጽፎ አንዱን የሌላው ምክንያት ማድረግ ይቀናል፤ እባክዎ ይህን አያድርጉ።

ከካርት ወደ መኪና የሚደረገው ሽግግር በምርመራው ውስጥ እጅግ የበለጸገው ክፍል ስለሆነ ጊዜ ይስጡት። የ2014ን የአውሮፓ ፎርሙላ ስሪ ሻምፒዮና ሠንጠረዥ ይክፈቱ። አንደኛ የወጣው ኤስተባን ኦኮን፣ ሁለተኛው ቶም ብሎምክቪስት፣ ሦስተኛው ማክስ ቨርስታፐን ነው። ብሎምክቪስት የ1984 የዓለም ራሊ ሻምፒዮን የስቲግ ብሎምክቪስት ልጅ ነው። ኦኮን በአንጻሩ አባቱ ጋራዥ የነበረው፣ ወላጆቹ ለልጃቸው ውድድር ሲሉ ቤታቸውን ሸጠው በተጎታች የመኪና ቤት ውስጥ የኖሩለት ልጅ ነው። ሆኖም ከሦስቱ በሚቀጥለው ዓመት ፎርሙላ ዋን የገባው ሦስተኛው ነው፤ አንደኛው እስከ 2016 አጋማሽ ድረስ ጠበቀ፤ ሁለተኛው ፎርሙላ ዋን ውስጥ ተወዳድሮ አያውቅም።

ላይ ላዩን ያየ ሰው «ይኸው፣ ስም አሸነፈ» ሊል ይችላል። ሠንጠረዡን ጠልቀው ሲያነቡት ግን ሌላ ነገር ይታያል። ማክስ በዚያ ዓመት 10 ውድድሮችን አሸንፏል፤ ሻምፒዮኑ ኦኮን ያሸነፈው 9 ነው። ማክስ ነጥብ ያጣው በብልሽትና በግጭት ሳይጨርስ በቀረባቸው ውድድሮች ነው። ኦኮን ቀድሞ ሁለት ዓመት በፎርሙላ ሬኖ የተወዳደረና በዘመኑ ከሁሉ ጠንካራ በነበረው ፕሬማ ቡድን ውስጥ የነበረ ሲሆን፣ ለማክስ ግን ቫን አመርስፎርት በተባለው ቡድን ያሳለፈው ያ ዓመት በመኪና የመጀመሪያው የውድድር ዓመቱ ነበር። ስለዚህ የቡድን ባለቤቶች ያዩት ፍጥነቱንና የተማረበትን አጭር ጊዜ ነው፤ ሬድ ቡል በነሐሴ 2014 ሲያስፈርመው፣ መርሴዲስም ፈልጎት ነበር፤ ነገር ግን ወዲያው የሚሰጠው የፎርሙላ ዋን መቀመጫ አልነበረውም። እዚህ ላይ ግን አንድ ሐቅ ሳይሸፋፈን ይጻፍ፤ ያለ አባቱ የብዙ ዓመታት የድርድርና የሙያ ልምድ አንድ የ16 ዓመት ልጅ ሁለት ታላላቅ ቡድኖችን እንዲህ ሊያወዳድር ባልቻለም ነበር። ኦኮንም ያንኑ ፍጥነት ይዞ ተጨማሪ ዓመት ተኩል መጠበቁ የውርስ ዋጋ ስንት እንደ ሆነ የሚያሳይ መለኪያ ነው።

ማክስ በመጋቢት 2015 በአውስትራሊያ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲወዳደር 17 ዓመት ከ166 ቀን ነበር፤ በፎርሙላ ዋን ታሪክ ከእርሱ ያነሰ የለም፣ መንገድ ላይ ለመንዳት የሚያስችል መንጃ ፈቃድም ገና አልነበረውም። የዓለም አቀፉ የአውቶሞቢል ፌዴሬሽን ከ2016 ጀምሮ በፎርሙላ ዋን ለመወዳደር የሚያስፈልገው ፈቃድ፣ ሱፐር ላይሰንስ፣ የሚሰጠው 18 ዓመት ለሞላውና በታችኛዎቹ ውድድሮች 40 ነጥብ ላከማቸ ተወዳዳሪ እንዲሆን ወሰነ። ይህ ደንብ ከዚያ በፊትና በኋላ የገቡ የቤተሰብ ልጆችን ሲያወዳድሩ መታወስ አለበት፤ ዛሬ አንድ አባት በስሙና በገንዘቡ ብቻ ልጁን ከታች ወደ ላይ ማዝለል አይችልም፤ ምንም እንኳ 40 ነጥብ የሚሰበሰብባቸው ውድድሮች ራሳቸው ብዙ ገንዘብ የሚጠይቁ ቢሆኑም።

አሁን ወደ ዋናው ሚዛን እንመጣለን። በሞተር ስፖርት ውስጥ መኪናው የውጤቱን አብዛኛውን ድርሻ ስለሚወስን፣ ቤተሰብ ሊደርስበት የማይችለው አንድ ቦታ ብቻ አለ፤ እርሱም ከቡድን ጓደኛ ጋር የሚደረገው ንጽጽር ነው። ሁለቱ የሚነዱት አንድ ዓይነት መኪና ነው፤ ቀኑም መንገዱም አንድ ነው። በመጀመሪያ የመነሻ ቦታ ለመያዝ የሚደረገውን የማጣሪያ ሰዓት ያወዳድሩ፣ ምክንያቱም እዚያ ውስጥ ዕድልና ስልት የሚገቡበት ቀዳዳ ጠባብ ነው፤ ከዚያ በኋላ ብቻ ወደ ነጥብ ይሂዱ፤ ነጥብ ሲያዩም ማን በመኪና ብልሽት እንደ ቆመ ይቁጠሩ።

ይህን ማክስ በጀመረበት በ2015 የቶሮ ሮሶ ቡድን፣ ማለትም በሬድ ቡል ሁለተኛ ቡድን፣ ላይ ይሞክሩት። የማክስ የቡድን ጓደኛ ካርሎስ ሳይንዝ ነበር፤ እርሱም የ1990 እና የ1992 የዓለም ራሊ ሻምፒዮን ልጅ ነው። በነጥብ ማክስ 49፣ ሳይንዝ 18 አገኙ። በማጣሪያ ሰዓት ግን ዓመቱን ሙሉ እጅግ ተቀራራቢ ነበሩ፤ የሳይንዝ መኪናም በተደጋጋሚ ይበላሽበት ነበር። ነጥቡን ብቻ ያየ ሰው ሳይንዝን አንገዋልሎ ይጥለዋል፤ ሰዓቱን ያየ ሰው ግን በ2022 በሲልቨርስቶን ማሸነፉ አያስደንቀውም። በግንቦት 2016 ማክስ ወደ ሬድ ቡል ተዛውሮ በመጀመሪያ ውድድሩ፣ በስፔን፣ በ18 ዓመቱ ሲያሸንፍ ደግሞ ሁለቱ የመርሴዲስ መኪኖች በመጀመሪያው ዙር ተጋጭተው መውጣታቸውን አብረው ይጻፉ፤ ድሉን አያሳንሰውም፣ ቦታውን ግን ያስይዘዋል። ልዩነቱ ግልጽ ሆኖ የሚታየው ኋላ ነው፤ በ2023 ማክስ ከ22 ውድድሮች 19ኙን አሸንፎ 575 ነጥብ ሲያገኝ፣ በዚያው መኪና ሰርጂዮ ፔሬዝ 285 አግኝቷል። መኪና ከጊዜ ወደ ጊዜ ወደ አንዱ አሽከርካሪ ምርጫ ሊያዘነብል እንደሚችል ማሰብ ተገቢ ቢሆንም፣ ይህን የሚያህል ልዩነት በዚያ ብቻ አይገለጽም፤ በአባት ስምም አይገለጽም።

ሚዛኑ ራሱ መመዘን የሚያስፈልግበትም ጊዜ አለ። የሚክ ሹማኸር ጉዳይ ይህን ያሳያል። ልጁ በካርት ዘመኑ በእናቱ የቤተሰብ ስም ሚክ ቤትሽ እየተባለ ተወዳደረ፤ የስሙ ክብደት ገና በልጅነቱ እንዳይጫነው ማለት ነው። በ2018 የአውሮፓ ፎርሙላ ስሪን፣ በ2020 ፎርሙላ ቱን አሸነፈ፤ እነዚህ በስም የሚገኙ ዋንጫዎች አይደሉም። በ2021 በሀስ ቡድን ሲገባ ግን መኪናው ከሁሉ የመጨረሻው፣ የቡድን ጓደኛውም እንደ እርሱ ጀማሪ ስለ ነበር የዚያ ዓመት ንጽጽር ብዙም አይናገርም። በ2022 ልምድ ያለው ኬቪን ማግኑሰን መጣ፤ እርሱም የቀድሞው የፎርሙላ ዋን ተወዳዳሪ የያን ማግኑሰን ልጅ ነው። ማግኑሰን 25፣ ሚክ 12 ነጥብ አገኙና ሚክ መቀመጫውን አጣ። ስለዚህ ስም በር ይከፍታል የሚለውን ያህል፣ ስም ቤት ውስጥ አያቆይም የሚለውም በማስረጃ የተደገፈ ነው። እኔ በሚክ ላይ የተሰጠው ፍርድ ቸኩሏል ብዬ አምናለሁ፤ በሁለት ዓመት ውስጥ አንድ ዓመት ብቻ በእውነተኛ ሚዛን ላይ ተቀምጧልና።

በመጨረሻ፣ ፎርሙላ ዋንን ብቸኛ መለኪያ አድርገው ምርመራውን እንዳይዘጉት። ማይክል አንድሬቲ፣ የ1978 ሻምፒዮን የማሪዮ ልጅ፣ በ1993 በማክላረን ከአይርተን ሴና ጎን 13 ውድድር ብቻ አድርጎ ተመለሰ፤ በአውሮፓ የሥራ ሕይወቱ ከሽፏል ይባላል፤ በአሜሪካ ግን በ1991 የካርት ተከታታይ ውድድር ሻምፒዮን ሆኖ ነበር፤ ይህ ውድድር በስም ቢመሳሰልም ልጆች ከሚጀምሩበት ካርት ፈጽሞ የተለየ፣ ከፎርሙላ ዋን መኪና ጋር የሚቀራረብ ፍጥነት ያላቸው መኪኖች የሚሰለፉበት ነው። የሦስት ጊዜ ሻምፒዮኑ የጃክ ብራባም ልጆች ጄፍና ዴቪድ፣ አንዱ በ1993፣ ሌላው በ2009፣ በፐዦ መኪና የለ ማን 24 ሰዓትን፣ ቀንና ሌሊት ያለማቋረጥ የሚካሄደውን የጽናት ውድድር፣ አሸንፈዋል። ከኦኮንና ከማክስ መሃል የቆመው ቶም ብሎምክቪስትም በ2022 የዴይቶና 24 ሰዓትን ካሸነፈው ቡድን አሽከርካሪዎች አንዱ ነበር። የአንዱን ልጅ ስም ሲሰሙ መጀመሪያ የነዳበትን የውድድር ዓይነት፣ ቀጥሎ በዚያ ዓይነት ውስጥ የነበረውን የቡድን ጓደኛ ይፈልጉ፤ የአባቱን ዋንጫዎች ዝርዝር ከዚያ በኋላ መክፈት ይቻላል።